ጋዙ ከውሃው ቀድሞ ያልቃልን? ስለ ትንንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች የተካሄደ የውይይት ክር

የመክፈቻው ጽሑፍ

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የሚኖር አንድ ወንድማችን በቡታን ጋዝ የሚነድ፣ 32 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ላይ የሚሄድ ያገለገለ ሎኮሞቲቭ በቅርቡ ገዝቷል። ሞዴሉ ከእውነተኛው 19 ጊዜ ባነሰ ልክ የተሠራ ሲሆን፣ ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃው የሚፈላበት ዕቃ፣ የመዳብ፣ የሥራ ግፊቱም 2.7 ባር አካባቢ ነው። የደኅንነት ቫልቭና የግፊት መለኪያ አለው፤ በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ልክ የሚያሳይ መስታወት ግን የለውም። ጸሐፊው ይህን እንደ ጉድለት አልቈጠረውም። ሠሪዎቹ የጋዙን ታንክ የሚመጥኑት ጋዙ ከውሃው ቀድሞ እንዲያልቅ አድርገው ስለሆነ፣ እሳቱ በጠፋ ጊዜ ሁሉ በቦይለሩ ውስጥ ውሃ ይተርፋል፤ በመሆኑም በዚህ መጠን ሎኮሞቲቭ ላይ የውሃ መስታወት ጌጥ እንጂ ሌላ ፋይዳ የለውም የሚል አቋም ያዘ። ጀማሪዎችን መስታወት እንዲገዙ የሚመክሩ ሰዎች ፍርሃት እየሸጡ መሆናቸውንም ጨምሮ ጻፈ፤ የሚስማማውም የማይስማማውም ምክንያቱን እንዲያስረዳው ጠየቀ።

ጥያቄው አጭር ቢሆንም የዚህን ሥራ እምብርት የሚነካ ነው፤ ክሩን በዝርዝር ለማስፈር የፈለግሁትም ስለዚህ ነው። ምላሾቹን በቅደም ተከተላቸው በራሴ አገላለጽ አስቀምጣለሁ፤ የእኔ አስተያየት የገባበትን ቦታ እለያለሁ።

ምላሽ 1

የመጀመሪያው መላሽ በጀርመን የሚኖርና ለብዙ ዓመታት ያለ መስታወት ሲያነድ የቆየ ሰው ነው። በአክብሮት ተስማምቶ የሚከተለውን ሥርዓት ዘረዘረ። ቦይለሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሲሪንጅ ጢም እስኪል ይሞላል፤ ከዚያ ወደ 30 ሚሊ ሊትር የሚሆን ውሃ ተመልሶ ይወጣል፤ ይህም ውሃው ሲሞቅ የሚሰፋበትና እንፋሎቱ ከላይ የሚጠራቀምበት ቦታ እንዲኖር ነው። ቀጥሎ ሲሊንደሮቹን የምታለሰልሰው የዘይት ማሰሮ በወፍራም የእንፋሎት ዘይት ትሞላለች፤ ከዚያ ጋዙ ይሞላል፤ እሳቱ የሚለኰሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ነበልባሉ ሲጠፋ ጉዞው አበቃ፤ ሁሉም ነገር እንደገና ከሀ ይጀመራል። ይህን ቅደም ተከተል የማይዘልል ሰው መስታወት እንደማያስፈልገው እምነቱን ገልጾ፣ ለጠያቂው መልካም ጉዞ ተመኘለት።

ምላሽ 2

በዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር አንዲት እኅት፣ ራሷ ገና ሎኮሞቲቭ ያልገዛች መሆኗን አስቀድማ፣ ውሃ ያለቀበት ቦይለር ምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ሰው እንዲኖር ጠየቀች። ሁሉም ስለ አደጋው እንደሚያወራ፣ አደጋው ምን እንደሆነ ግን ማንም እንዳልተናገረ አስተዋለች። ልክ ነበረች።

ምላሽ 3

መልሱን የሰጣት ቶርኖ ቤት ያለው ባለሙያ ነው። በእነዚህ ሎኮሞቲቮች ውስጥ ያለው ቦይለር በጐኑ የተጋደመ የመዳብ በርሜል ሲሆን፣ በውስጡ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ አንድ የእሳት ቱቦ አለ፤ ጋዙ የሚነደው በዚያ ቱቦ ውስጥ በገባች፣ ጐኗ በተሰነጣጠቀች ቀጭን ቧንቧ ላይ ነው። ውሃው የእሳት ቱቦውን እስከሸፈነ ድረስ መዳቡ ሙቀቱን ለውሃው ስለሚያስረክብ፣ የቱቦው ሙቀት ከውሃው ሙቀት ብዙ አይርቅም፤ በ2.7 ባር ግፊት ውሃው ወደ 141 ዲግሪ ይደርሳል። ውሃው ጐድሎ የቱቦው አናት በተገለጠ ጊዜ ግን ያ የተራቆተ መዳብ ሙቀቱን የሚሰጠው አካል ያጣል። የቦይለሩ አካል የተያያዘው ከ600 ዲግሪ በላይ በሚቀልጥ የብር ብየዳ ስለሆነ ወዲያው አይፈታም፤ ነገር ግን መዳቡ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይቃጠላል፣ ኦሪንግ የሚባሉት የማሸጊያ ቀለበቶች ያርራሉ፣ በስታኞ የተያያዘ ቧንቧ ካለም 200 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይላቀቃል። ከዚህ ሁሉ የከፋው በደረቀና በጋለ ቦይለር ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ነው፤ ውሃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ግፊቱ ይዘልላል፣ መዳቡም በድንገት ስለሚኰማተር መገጣጠሚያዎቹ ይሰነጠቃሉ።

በዚህ ላይ የእኔ ጭማሪ አንድ ብቻ ነው። ውሃ አልቋል ብሎ የጠረጠረ ሰው ጋዙን ዘግቶ እጁን ሰብስቦ መቀመጥ አለበት። ቦይለሩ በእጅ እስኪያዝ ድረስ ሳይቀዘቅዝ ምንም ነገር አይጨመርበትም።

ምላሽ 4

የክሩ ድምፅ የተለወጠው እዚህ ላይ ነው። መላሹ የመክፈቻው ጽሑፍ ባለቤት የመመሪያውን ወረቀት እስከ ግማሹ ብቻ እንዳነበበ በግልጽ ከተናገረ በኋላ፣ ጋዙ ከውሃው ቀድሞ ያልቃል የሚለው ስሌት የሚሠራው ውሃው በሙሉ እንፋሎት ሆኖ ሲወጣ ብቻ መሆኑን አስረዳ። ቦይለሩ ከልክ በላይ የተሞላ እንደሆነ፣ ወይም ውሃው ቆሻሻና ዘይት ገብቶበት የሚያረፋ እንደሆነ፣ ሳይፈላ በፈሳሽነቱ ከእንፋሎቱ ጋር ተጠልፎ በሲሊንደሮቹ በኩል ወደ ጭስ ማውጫው ይተፋል። ያ ውሃ የሚገባውን ያህል ጋዝ ሳይበላ ነው የወጣው። ጋዙ ታንኩ ውስጥ እንዳለ ቦይለሩ ይራቆታል ማለት ነው።

ምላሽ 5

አንድ የፊዚክስ መምህር የምላሽ 4ን ሐሳብ በቁጥር አጠናከረ። አንድ ግራም ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ 141 ዲግሪ ለመድረስ ግማሽ ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይበቃዋል፤ በዚያው ግፊት ፈጽሞ እንፋሎት ለመሆን ግን በድምሩ 2.6 ኪሎ ጁል ያህል ያስፈልገዋል። ስለዚህ የተተፋ ውሃ የወሰደው ሙቀት እንፋሎት ከሆነው ውሃ ሙቀት አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። ከጭስ ማውጫው 20 ሚሊ ሊትር ሙቅ ውሃ የተረጨ እንደሆነ፣ ጋዙ የሚያውቀው 4 ሚሊ ሊትር እንደፈላ ያህል ነው፤ የቀረው 16 ሚሊ ሊትር በሠሪው ስሌት ውስጥ የለም። መምህሩ ምላሽ 4 በተናገረው ነገር ትክክል፣ በተናገረበት መንገድ ግን የተሳሳተ መሆኑን ገልጾ፣ ጀማሪን ማሸማቀቅ ጀማሪውን ዝም ያሰኘው ይሆናል እንጂ ቦይለሩን እንደማያድን አሳሰበ።

ምላሽ 6

ጠያቂው ተመልሶ መጣ፤ ቅር እንዳለው ከአጻጻፉ ያስታውቅ ነበር። ውሃ መትፋቱ ከማንም ዐይን የማይሰወር ነገር እንደሆነ፣ ሙቅ ውሃ ከጭስ ማውጫ እየዘነበ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው መስታወት ቢኖረውም እንደማያየው ተከራከረ። በአሞላሉ ጥንቁቅ መሆኑንም ገለጸ።

ምላሽ 7

በአሜሪካ የሚኖር አንድ አባል በአንድ ክበብ ሐዲድ ላይ ያየውን ተረከ። የአንድ ሰው ሎኮሞቲቭ በጉዶል ቫልቭ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት ነበር። ይህን ቫልቭ ለማያውቁ አሠራሩን አስረዳ፦ በመሙያው ላይ የሚታሰር ትንሽ የነሐስ ቡሎን ነው፤ ቦይለሩ ውስጥ በሚገባው ግንዱ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳውን አጭር የሲሊኮን ቱቦ ይሸፍነዋል። የቦይለሩ ግፊት ቱቦውን በቀዳዳው ላይ ስለሚጫነው እንፋሎት አይወጣም፤ ከውጭ ውሃ በአትክልት መርጫ ፓምፕ ሲገፋ ግን ቱቦው ተለጥጦ ያሳልፈዋል። በዚያ ቀን ሰውየው ጋዙ ሲያልቅ ታንኩን ብቻ እንደገና ሞልቶ፣ ከወዳጆቹ ጋር ጨዋታ ይዞ ውሃውን ረሳ። በሁለተኛው ዙር መጀመሪያ ሎኮሞቲቩ ከወትሮው ይልቅ ፈጠነ፤ ጥቂት ቆይቶ የግፊት መለኪያው ወደቀ፤ ወዲያው የቦይለሩ ቀለም እየተላጠ ማረር ጀመረ። ሰው አልተጐዳም። መላሹ ከዚህ የሚከተለውን ነጥብ አወጣ፤ ጋዙ ቀድሞ ያልቃል የሚለው ዋስትና የሚያገለግለው ሁለቱም ከሙሉ ለተነሡበት ለአንድ ጉዞ ብቻ ነው፤ ውሃ ሳይሞላ ጋዝ በሞላ ሰው እጅ ውስጥ ዋስትናው ፈርሷል።

በእኔ እይታ ከክሩ ሁሉ የሚልቀው ምላሽ ይህ ነው። መጨመሪያ ቫልቭ የሚገዛ ሰው ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ከአንድ የደኅንነት ሥርዓት ወደ ሌላ ተሻግሯል። ቀድሞ ይጠብቀው የነበረው የታንኩ መጠን ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው የራሱ ትውስታ ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ መሆን አለበት፦ ሁልጊዜ ውሃ በፊት፣ ጋዝ በኋላ፤ ውሃው ስንት እንደገባ ሳይታወቅ የጋዙ መሙያ አይነካም።

ምላሽ 8

ቀጣዩ መላሽ ከሁሉም ይልቅ ተቈጣ። ስለ ውሃው ብቻ እንደሚወራ፣ ስለ ጋዙ ግን ማንም እንዳላነሣ ወቀሰ። ቡታን ከአየር የሚከብድ ስለሆነ በመሙላት ጊዜ የፈሰሰው በመሬቱ ላይ ይተኛል፤ በአጠገቡ ሌላ ሰው ሎኮሞቲቩን እያነደደ ከሆነ እሳቱ በመሬት ተስቦ ይመጣል። ልጆች በሐዲዱ ዳር ቁጢጥ ብለው በሚመለከቱበት ቦታ ጋዝ የሚሞላ ሰው የሌላውን ልጅ ሕይወት በገዛ ችኰላው እየመነዘረ መሆኑን በጠንካራ ቃል ጻፈ። ቃሉ ቢጠነክርም ፍሬ ነገሩን የሚክድ አልተገኘም። ጋዝ የሚሞላው ከሐዲዱ ርቆ፣ እሳት በሌለበት፣ ሎኮሞቲቩም ከበረደ በኋላ ነው።

ምላሽ 9፣ 10 እና 11

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ነዳጅ ምርጫ አዘነበለ። የምላሽ 9 ጸሐፊ ስፒሪትን፣ ማለትም ለማንደጃ የሚሆነውን አልኮል፣ አወደሰ፤ በሚሊ ሊትር ተለክቶ ስለሚገባ ከውሃው ጋር ማመጣጠኑ ከጋዝ ይልቅ ቀላል መሆኑን፣ የፈሰሰውም በውሃ እንደሚጠፋ ገለጸ። የምላሽ 10 ጸሐፊ የስፒሪት ነበልባል በፀሐይ ብርሃን ፈጽሞ እንደማይታይ፣ ሐዲዱ ላይ ፈስሶ የሚነደውን ስፒሪት ሰው የሚያውቀው እጁን ሲፈጀው እንደሆነ አስታወሰው፤ ነፋስም ከቦይለሩ ሥር ነበልባሉን ይወስደዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ በእንግሊዝ ገበያ ላይ በወጡት፣ ማሞድ በተባለው ኩባንያ ሎኮሞቲቮች ላይ ይሠራበት የነበረውን እንደ ከረሜላ የተጠፈጠፈ ጠጣር ነዳጅም አነሣ። የምላሽ 11 ጸሐፊ ዳግም አረቄ በስፒሪት ፋንታ ያገለግል እንደሆነ ጠየቀ። የተሰጠው መልስ በቂ ነበር፤ ውሃው ስለሚበዛ ነበልባሉ ይደክማል፣ ቦይለሩንም ለማፍላት አይበቃም።

ምላሽ 12

አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሁላችንም የተለየ ችግር ይዞ ገባ። ከእንግሊዝ አገር ያስመጣው ሎኮሞቲቭ እሳቱ ቢጫ እየሆነ፣ ጭስ ማውጫውን ጥላሸት እያለበሰ አስቸግሮታል። አውሮፕላን የቡታን ቆርቆሮ ስለማይጭንለት፣ ከወጥ ቤቱ የቡታጋዝ ሲሊንደር በመሸጋገሪያ ቧንቧ ታንኩን ለመሙላት ማሰቡንም አማከረ።

ምላሽ 13 እና 14

የምላሽ 13 ጸሐፊ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሎኮሞቲቩ ጕልበት እንደሚያጣ ነገረው። ይህ ስሕተት ነበርና መምህሩ በምላሽ 14 ተመልሶ አረመው። በ92 ዲግሪ የሚፈላው ክፍት ድስት ነው። የደኅንነት ቫልቭ የሚከፈተው በቦይለሩ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ባለው ልዩነት ሲሆን፣ ፒስተኑን የሚገፋውም ያው ልዩነት ነው፤ የውጭው አየር ቢሳሳም 2.7 ባር ልዩነት ያው 2.7 ባር ነው። የተጐዳው እሳቱ ነው። በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ፣ ከቀዳዳው የሚወጣው ጋዝ በቂ ኦክስጅን ይዞ አይገባም፤ ቢጫው ነበልባልና ጥላሸቱ የመጡት ከዚህ ነው። መፍትሔው የአየር መግቢያውን ማስፋት ወይም ጋዙን መቀነስ ነው።

ስለ ወጥ ቤቱ ሲሊንደር መምህሩ የሰጠው ማስጠንቀቂያ በደማቅ ቀለም ሊጻፍ የሚገባው ነው። የወጥ ቤት ጋዝ ፕሮፔን የተቀላቀለበት ሊሆን ይችላል። በ20 ዲግሪ ሙቀት የቡታን ግፊት ከአየሩ ግፊት በላይ 1 ባር ያህል ብቻ ሲሆን፣ የንጹሕ ፕሮፔን ግን ከ7 ባር ይበልጣል። ለቡታን የተሠራች ትንሽ ታንክ፣ ያውም ከጋለ ቦይለር አጠገብ የተቀመጠች ታንክ፣ ቅልቅሉ በማይታወቅ ጋዝ ልትሞላ አይገባም። የአዲስ አበባው ወንድማችን ምክሩን ተቀብሎ ሐሳቡን ተወ።

ምላሽ 15 እና 16

የቦይለር ውሃም ተነሣ። የቧንቧ ውሃ ኖራውን በመዳቡ ላይ እየደረበ ሙቀቱን ስለሚከለክል የተጣራ ውሃ እንደሚያስፈልግ ሁሉም ተስማሙ። አንዱ በነዳጅ ማደያ የሚሸጠውን የባትሪ ውሃ መከረ። ሌላው ወዲያው፣ በትክክልም፣ ሱቆቻችን ውስጥ የባትሪ ውሃና የባትሪ አሲድ በተመሳሳይ ጠርሙስ ተሰልፈው እንደሚቀመጡ አስታወሰ። አሲድ የገባበት ቦይለር ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ በዐይን ላይ የተረጨ እንፋሎትም ዐይን ያጠፋል። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያላነበበ ሰው አይግዛ።

ምላሽ 17

እዚህ ላይ አንድ አባት ጻፉ። የድሬዳዋ ተወላጅ ሲሆኑ፣ አባታቸው በለገሃር መስመር በእንፋሎቱ ዘመን እሳት አንዳጅ ነበሩ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የተጀመረው ይህ ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 መሆኑን አስታውሰው፣ ወደ ጠያቂው ነጥብ መጡ። በትልቁ ሎኮሞቲቭ ላይ የውሃ ልክ የሚታይበት መንገድ ከአንድ በላይ ነው፤ አንዱ መስታወት ቢደፈን በሌላው ይታያል። ይህም አልበቃ ብሎ በእሳት ሣጥኑ ጣሪያ ላይ በእርሳስ የተሞላ ቡሎን ይታሰራል፤ ውሃው ጐድሎ ጣሪያው ሲራቆት እርሳሱ ቀልጦ እንፋሎቱ ወደ እሳቱ እየፈነዳ ያስጠነቅቃል። አባታቸው ተረኛውን ሲተኩ ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት የሚያዩት መስታወቱን ነበር። በዚያ ትልቅ አካል ላይ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ሲደረግ፣ በትንሹ ላይ ጌጥ ነው መባሉ እንዳሳዘናቸው ጻፉ። ጠያቂውን የኔ ልጅ ብለው ነበር የጠሩት፤ እሱም በትሕትና አመሰገናቸው።

ምላሽ 18 እስከ 21

የአባታችን ጽሑፍ የብዙዎችን ስሜት ቀሰቀሰና ክሩ ለጊዜው መስመሩን ሳተ፤ ያም ሆኖ ጠቃሚ ነገር ተገኘ። አንዱ የጅቡቲውን መስመር በሞዴል ለመሥራት የሚመቸው ልክ የቱ እንደሆነ ጠየቀ። ሐዲዱ የ1 ሜትር ስፋት ስለነበረው፣ በ22.5 ሲካፈል 44.4 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ይህም በዓለም ላይ በሰፊው ከሚገኘው የ45 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ጋር ከሞላ ጐደል ይገጥማል። ኤል ጂ ቢ የተባለው የጀርመን ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1968 የጀመረው በዚሁ ልክ ነው። እኔ ራሴ የድሬዳዋን ባቡር ሠርቶ የሚያንቀሳቅስ ሰው ለማየት ከልቤ እመኛለሁ። ለዚህ ተብሎ የሚፈለሰፍ አዲስ ሐዲድ የለም፤ ፉርጎውም ሆነ ጣቢያው በአንድ ልክ ሊሠራ ይችላል።

ሌላው የአሥመራውም መስመር የ1 ሜትር እንደነበር ጻፈ፤ ምላሽ 20 የእሱ 950 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 አሥመራ መድረሱን፣ በገደሉ ላይ ይወጡ የነበሩትም በጣሊያኑ ኩባንያ በአንሳልዶ የተሠሩ፣ ሁለት የሲሊንደር ስብስብ ያላቸው የማሌት ዓይነት ሎኮሞቲቮች እንደነበሩ በማስረዳት አረመው። ምላሽ 21 ነገሩን ወደ ፖለቲካ ሊወስደው ሞከረ። የመድረኩ አስተናጋጅ ያን ጽሑፍ አንሥቶ፣ ጸሐፊው ከፈለገ በሌላ ክፍል እንዲጽፍ አሳሰበ። ተገቢ ነበር።

ምላሽ 22

አንድ የታሪክ ወዳጅ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር የተካሄደውን የቦይለር ክርክር አነሣ። በአንድ በኩል የሞዴል ባቡር መሐንዲሱ ሄንሪ ግሪንሊ፣ በሌላ በኩል ኤል ቢ ኤስ ሲ በሚል የብዕር ስም ይጽፍ የነበረ ሰው ቆመው ነበር። ኤል ቢ ኤስ ሲ በ63.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ በምትሄድ፣ አየሻ ብሎ በሰየማት ሎኮሞቲቭ፣ በከሰል የሚነድ ትንሽ ቦይለር በስፒሪት ከሚነደው በልጦ ሰው መጐተት እንደሚችል አሳየ። የታሪክ ወዳጁ ይህን ያነሣው ነገሩ ከመስታወቱ ጋር ስለሚያያዝ ነው። ሎኮሞቲቩ ቢያንስም ውሃው ውሃነቱን አይቀንስም። አካሉ 19 ጊዜ ሲያንስ፣ ከይዘቱ አንጻር ሙቀት የሚያባክነው ገጽታ 19 ጊዜ ይበልጣል፤ ስለዚህም ቦይለሩ በሚገባ ካልተሸፈነ ጋዙ የሚያሞቀው ነፋሱን ነው። የመስታወቱም ቱቦ እንዲሁ ነው፤ ሲቀጥን ውሃው በግድግዳው ላይ ይጣበቃል፣ የአየር አረፋ በመካከሉ ይታሰራል፣ ባዶው ሙሉ መስሎ ይታያል።

ምላሽ 23

ይህን የተቀበለው የቶርኖ ባለሙያ ጉዳዩን ወደ መነሻው መለሰው። መስታወት ያለው ሰው ሎኮሞቲቩን አቁሞ፣ አረፋው እስኪወጣ ጠብቆ፣ ውሃው በሎኮሞቲቩ ንቅናቄ ከፍ ዝቅ ማለቱን ተመልክቶ ብቻ ሊያምነው ይገባል፤ ፈጽሞ የማይነቃነቅ የውሃ መስመር የታሰረ አረፋ ምልክት ነው። ከዚያም እስከዚህ ድረስ ማንም ያላነሣውን ቁም ነገር ተናገረ። የጠያቂው ቦይለር ሲሠራ ለመስታወት የሚሆን መግጠሚያ አልተበየደለትም። መስታወት ለመጨመር ቦይለሩን በስቶ አዲስ መግጠሚያ በብር ብየዳ ማያያዝ ያስፈልጋል፤ በስታኞ መሞከር ክልክል ነው። እንዲህ የተነካ ቦይለር እንደ አዲስ ይቈጠርና በቀዝቃዛ ውሃ በሥራ ግፊቱ እጥፍ፣ ማለትም በ5.4 ባር ይፈተናል። ይህን በጓዳው ማንም አይሞክረው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሰጠው ምክር ወጪ የሌለበት ነው። ሰውየው የሚያስገባውን ውሃ በሲሪንጅ ይለካል፤ ጉዞው አልቆ ቦይለሩ ከበረደ በኋላ የተረፈውን ውሃ ቀድቶ ይለካል፤ ቀኑን፣ የአየሩን ሁኔታና የጐተተውን ፉርጎ ብዛት አብሮ ይጽፋል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሎኮሞቲቩ ምን ያህል እንደሚጠጣ ያውቃል። ሲቀዳም ከውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ዘይት ካየ፣ ቦይለሩ ሲበርድ በውስጡ በተፈጠረው ባዶ ግፊት ከዘይት ማሰሮዋ የተሳበ ነው፤ ግፊቱ ዜሮ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ መሙያውን መክፈት ይህን ያስቀራል። ያ ዘይት ነው ውሃውን የሚያስረፋውና የሚያስተፋው፤ የምላሽ 4 ቅሬታም ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

እኔም የምቆመው ከዚህ ባለሙያ ጋር ነው። አዲስ የሚገዛ ሰው ቢችል መስታወት ያለውን ይምረጥ፤ በእጁ ያለውን ግን አይብሳው። መስታወት ኖረም አልኖረም፣ በሚሊ ሊትር ሳይለካ የሚያነድ ሰው የቦይለሩን ሁኔታ በግምት እየመራ ነው።

ምላሽ 24

ጠያቂው ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። በነፋስ አልባ ቀን ቀላል ፉርጎ አስጐትቶ ሲለካ 40 ሚሊ ሊትር ተረፈው። በሌላ ቀን፣ ቦይለሩን ሳያጥብ፣ ፉርጎ ጨምሮ ሲያስጐትት የተረፈው 12 ሚሊ ሊትር ብቻ ሆነ፤ ከጭስ ማውጫውም በጅምሩ ጥቂት ውሃ ተረጭቶ ነበር። በቀዳው ውሃ ላይ ቀጭን የዘይት ገጽ አየ። ጌጥ የሚለውን ቃል ከመክፈቻው ጽሑፍ ማንሣቱን አስታውቆ፣ 12 ሚሊ ሊትር ለእሳት ቱቦው ይበቃ እንደሆነ ጠየቀ።

ምላሽ 25

ባለሙያው እንደማይበቃ መለሰለት። በተጋደመ በርሜል ውስጥ 12 ሚሊ ሊትር ከወለሉ ብዙም ከፍ ስለማይል የቱቦው አናት በዚያ ጉዞ መጨረሻ ተራቁቶ ነበር። ቦይለሩን በሙቅ ውሃና በጥቂት የሳህን ሳሙና አጥቦ፣ ሳሙናው ራሱ ስለሚያረፋ ደጋግሞ እንዲያለቀልቀው ነገረው። ከዚያ በኋላ በዚያው ጭነት የሚተርፈው ውሃ ካልጨመረ፣ የጋዙን ታንክ እስከ አፉ መሙላቱን ትቶ አጠር ባለ ጊዜ የሚያልቅ ጋዝ ብቻ እንዲያስገባ፣ የደኅንነት ቫልቩም ከመከፈቻ ግፊቱ በታች እንፋሎት ያሾልክ እንደሆነ እንዲመረምር መከረው።